የወርቅ ሚዛንና የኬሚስትሪ እኩልታ፦ ከመንጌ የተነሳ ዳሰሳ

ከአሶሳ ከተማ በስተሰሜን ያለው የመንጌ ወረዳ ስሙ ሲነሳ ወርቁ አብሮ ይነሳል። አገሩ የበርታ ሕዝብ አገር ነው። ወንዶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ሴቶች አፈሩን ወደ ውሃ ወስደው በገበቴ ያጥባሉ። ገበቴው በእጅ ሲዞር ውሃው አፈሩንና ነጩን አሸዋ እየጠረገ ይወስዳል። ከታች ደቃቅ ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ በጥቁሩ መሐል ደግሞ ቢጫ ነጥብ ብልጭ ትላለች። የተገኘው ለነጋዴ ይቀርባል፣ በትንሽ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ዋጋውም በግራም ይቆረጣል።

ኬሚካዊ ለውጥንና እኩልታን ለጀማሪ ተማሪ የሚያስረዳ ሰው ከዚህ ገበቴና ከዚህ ሚዛን ቢነሳ ብዙ ጥረት ይቀርለታል ብዬ አምናለሁ። ኬሚስትሪ ለብዙ ተማሪ የሚጀምረው ሰሌዳ ላይ በተጻፉ የላቲን ፊደላት ነው። ፊደላቱ ምን እንደሚቆጥሩ ሳይነገረው «አመጣጥን» ይባላል። ያመጣጥናልም። ዓመታት አልፈው ግን ያ ቀስት ምን ይል እንደነበር ቢጠየቅ ዝም የሚለው ብዙ ነው። በዚህ ዳሰሳ ለውጡ ራሱ ምን እንደሆነ፣ እኩልታው ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል፣ አስተማሪዎችና ተመራማሪዎችስ ስለ መሰናክሉ ምን እንዳሉ እመለከታለሁ።

የማይለወጠው

ገበቴው ውስጥ ምንም ኬሚካዊ ለውጥ አይካሄድም። ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን 2.65 እጥፍ ገደማ ነው። ውሃው ቀላሉን ይወስዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ሲገባ ወርቅ ነበር፣ ሲወጣም ወርቅ ነው። መጻሕፍቱ ይህን አካላዊ ለውጥ ይሉታል፤ ቁሱ ቦታውን ወይም ቅርጹን ይቀይራል እንጂ ማንነቱን አይቀይርም። ውሃ ሲፈላ፣ ቅቤ ሲቀልጥ፣ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያደናግራል። ቅቤውም «ቀለጠ» ይባላል፣ ውሃ ውስጥ የገባው ጨውም «ቀለጠ» ይባላል። አንደኛው በሙቀት ፈሳሽ ሆነ፤ ሁለተኛው በውሃው ውስጥ ተበተነ። መምህሩ ይህን ልዩነት ሳይነግር ካለፈ ተማሪው ሁለቱንም ከመቃጠል ጋር አንድ መደብ ውስጥ ሊከታቸው ይችላል።

ወርቅ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ስንት ሺህ ዘመን ተቀምጦ ሳይደበዝዝ የሚገኘው ከአየሩ ኦክሲጅንም ከውሃውም ጋር ስለማይዋሃድ ነው። ሙሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ የዚህ ምድር ወርቅ ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኦስትሪያዊው የከርሰ ምድር ባለሙያ ጆሴፍ ሩሴገር ወርቁን ሊመረምር እስከ ፋዞግሊና ቤንሻንጉል ድረስ መጥቷል። ያን ሁሉ ሠራዊትና ምርመራ ያስከተለው ማዕድን ዋጋው ያለው ለመለወጥ እምቢ በማለቱ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ አሸዋ እንመለስ። ማግኔት ቢጠጋው ከፊሉ ይነሳል። ብዙ ጊዜ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን አለ፤ ማግኔታይት ሦስት ብረት ከአራት ኦክሲጅን ጋር የተሳሰረበት ውህድ ነው። እንግዲህ በአንድ ገበቴ ውስጥ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገርና ሁለት ንጥረ ነገሮች የተጋቡበት ውህድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በወርቁና በጥቁሩ አሸዋ መሐል ያለው ልዩነት የኬሚስትሪ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ወርቁን ውሃ ብቻ ይለየዋል። ብረቱን ግን ስንት ጊዜ ቢያጥቡት አይለዩትም፤ ከኦክሲጅኑ ለማላቀቅ እሳትና ከሰል ያስፈልጋል። የጥንት ቀጥቃጮቻችን ወናፍ እየነፉ የብረት ድንጋይ በከሰል ያቀልጡ የነበረው ለዚህ ነው። ከሰሉ የሚያሞቅ ብቻ አልነበረም፤ ኦክሲጅኑን ከብረቱ ወስዶ ራሱ ጋዝ ሆኖ ይሄድ ነበር። ያ ብረት ዶማ ሆኖ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቀስ በቀስ ከኦክሲጅን ጋር ተመልሶ ይታረቃል። እኛ «ዛገ» እንላለን።

እሳት በላው፣ ዝገት በላው

ከአንድ ማዳበሪያ ከሰል የሚቀረው ጥቂት እፍኝ አመድ ነው። አማርኛ «እሳት በላው» ይላል። ስለ ብረቱም «ዝገት በላው» እንላለን። በሁለቱም አባባል ነገሩ ተበልቶ አልቋል። የጀማሪው ተማሪ እምነትም ይኸው ነው፤ የተቃጠለ ነገር ጠፍቷል።

ይህን እምነት በንቀት ማለፍ አይገባም። የአውሮፓ ሊቃውንት ለመቶ ዓመት ገደማ ተመሳሳይ ነገር ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጆርጅ ሽታል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጂስተን የሚባል ነገር አለ፣ መቃጠልም የእርሱ መውጣት ነው ብሎ ነበር። ሐሳቡ ከሚታየው ጋር ይስማማል፤ እሳት ሲነድ አንድ ነገር ሲወጣ ይታያልና። ያስቸገረው ብረት ነው። የጋለ ብረት ዝገት ሲለብስ ክብደቱ ይጨምራል። የወጣ ነገር ካለ እንዴት ይጨምራል?

መልሱን ያመጣው ሚዛን ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዝዬ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ብዙዎች የሚለየው ከእሳቱ በፊትም በኋላም መመዘኑ፣ አየሩንም ሳይቀር በሒሳቡ ማስገባቱ ነው። የታወቀው ሙከራው የተሠራው በባዜቃ (ሜርኩሪ) ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ወርቅ ለመያዝ በሚጠቀሙበት በዚያው ፈሳሽ ብረታ ብረት። ባዜቃውን በታሸገ አየር ውስጥ ለ12 ቀን አሞቀው። ላዩ ላይ ቀይ ዱቄት ወጣ፣ የአየሩም መጠን ቀነሰ። ቀዩን ዱቄት ለብቻው አብዝቶ ሲያሞቀው ባዜቃው ተመለሰ፤ የጎደለው አየርም ተመልሶ ወጣ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1774 ያንኑ ቀይ ዱቄት በማጉያ መስታወት በፀሐይ አሙቆ ሻማን አድምቆ የሚያበራ አየር አግኝቶ ነበር። ያን አየር ኦክሲጅን ብሎ የሰየመው ላቯዝዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ከለውጡ በፊት የነበረው መጠነ ቁስ ከለውጡ በኋላ ካለው ጋር እኩል ነው የሚለውን መርህ አስቀመጠ። ሩሲያዊው ሚካኢል ሎሞኖሶቭም ከእርሱ በፊት ወደዚህ ሐሳብ ደርሶ ነበር።

በዚህ መርህ ሁለቱ የአማርኛ አባባሎች ይፈታሉ። ከሰሉን እሳት አልበላውም። ካርቦኑ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ ሄደ። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክሲጅን ይወስድና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከተቃጠለው ከሰል በላይ የሚመዝን ጋዝ ማለት ነው። ብረቱንም ዝገት አልበላውም፤ አየሩና ውሃው መጥተው ተጨመሩበት። የአንዱ ውጤት ጋዝ ሆኖ ስለሄደ የጠፋ መሰለ፤ የሌላው ውጤት ጠጣር ስለሆነ እዚያው ቀረ። ላቯዝዬ ራሱ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794 በሞት ተቀጣ። ሚዛኑ ግን ዛሬ በየወርቅ ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የመንጌ ልጅም ግራም ምን ያህል እንደሆነ ከማንም የከተማ ልጅ በላይ ያውቃል።

ፊደሉን የሰጠው ማን ነው?

አንድ ፊደል ወይም ሁለት ፊደል ለአንድ ንጥረ ነገር የመስጠቱን ዘዴ ያመጣው ስዊድናዊው ያኮብ በርዜልየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1813 እና በ1814። መነሻው የላቲን ስሞች ነበሩ። ወርቅ በላቲን አውሩም፣ ብረት ፌሩም ስለሚባሉ የእንግሊዝኛውን ስም ያጠና ተማሪ እንኳ ምልክቱን ሲያይ ግራ ይጋባል። ይህ ግራ መጋባት የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር አዝናለሁ። ፊደሎቹ ስምምነት ናቸው እንጂ ተፈጥሮ አይደሉም። ይህን ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ ብቻ በራሳችን ፊደል ምልክት እንስጥ፦ ለሃይድሮጅን ሃ፣ ለኦክሲጅን ኦ፣ ለካርቦን ካ፣ ለብረት ብ፣ ለካልሲየም ካል። ካ እና ካል ይመሳሰላሉ ብሎ የሚያማርር ቢኖር በላቲኖቹ ምልክቶችም ካርቦንና ካልሲየም ልክ እንዲህ ያደናግራሉ።

የከሰሉ እኩልታ እንዲህ ይጻፋል፦

ካ + ኦ₂ → ካኦ₂

ከኦ ግርጌ ያለችው 2 ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ተያይዘው አንድ ሞለኪውል ሆነዋል ትላለች። ግራውን ብንቆጥር አንድ ካርቦን፣ ሁለት ኦክሲጅን አለ፤ ቀኙም እንዲሁ። ይህ ሳይደክሙበት የተመጣጠነ ነው። ውሃ ግን ያስቸግራል። ሃይድሮጅንም ኦክሲጅንም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት፦

ሃ₂ + ኦ₂ → ሃ₂ኦ

በግራ ሁለት ኦክሲጅን፣ በቀኝ አንድ። ጀማሪ ተማሪ እዚህ ላይ በጣም የተለመደውን ስህተት ይሠራል። በቀኙ ኦ ግርጌ 2 ጽፎ ሃ₂ኦ₂ ያደርገዋል። ቁጥሩ እኩል ሆነ፤ ግን ውሃው ጠፋ። ሃ₂ኦ₂ ቁስል ለማጠቢያ የሚውለው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ማንም ሊጠጣው አይገባም። የግርጌውን ቁጥር መንካት የነገሩን ማንነት መቀየር ነው። መንካት የሚቻለው ፊት የሚቀመጠውን፣ ስንት ሞለኪውል እንዳለ የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ነው፦

2ሃ₂ + ኦ₂ → 2ሃ₂ኦ

አራት ሃይድሮጅን በግራ፣ አራት በቀኝ፤ ሁለት ኦክሲጅን በግራ፣ ሁለት በቀኝ። በሚዛን ቋንቋ 4 ግራም ሃይድሮጅንና 32 ግራም ኦክሲጅን 36 ግራም ውሃ ይሆናሉ። የጥቁሩ አሸዋና የከሰሉ ነገርም በዚሁ መንገድ ይጻፋል፦

ብ₃ኦ₄ + 2ካ → 3ብ + 2ካኦ₂

ይህችን መስመር ያነበበ ተማሪ ቀጥቃጩ ወናፉን ሲነፋ ምን ይሆን እንደነበር ያነባል። በእቶኑ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሂደት ከዚህ ይረዝማል፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እኩልታው መነሻውንና መድረሻውን ይናገራል፣ መንገዱን ሁሉ አይተርክም።

እኩልታ የማይናገራቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቃቸው ይገባል። ለውጡ በሰከንድ ይፈጸም ወይም በዓመት አይናገርም። ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተደባልቀው ብልጭታ ካልነካቸው እንዲሁ ይቆያሉ፤ ብልጭታ ሲያገኙ ይፈነዳሉ፤ እኩልታው ግን ያው አንድ ነው። ሙቀት የለውጥን ፍጥነት ይጨምራል። ለዚህ ነው በአሶሳ ሙቀት የተቦካ ሊጥ ደጋ ላይ ከተቦካው ቀድሞ የሚደርሰው። አንዳንዱ ለውጥ ሙቀት ይሰጣል፣ አንዳንዱ ይወስዳል። ይህም የተለየ ካልተጻፈ በቀር ከእኩልታው አይነበብም።

የለውጥ ዓይነቶችን በአራት ወይም በአምስት መድቦ ማስጠናት በየመማሪያ መጽሐፉ የተለመደ ነው፦ መዋሃድ፣ መበታተን፣ መተካካት፣ የመሳሰለው። ለፈተና ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም ባይ ነኝ። የክብሪትን ነዲድ በስም መመደብ የቻለ ሁሉ ምን ከምን ጋር እንደተዋሃደ ያውቃል ማለት አይደለም።

ከእምነበረድ እስከ ግድቡ

ቤንሻንጉል ጉሙዝ ከወርቁ ሌላ በእምነበረድም ይታወቃል፤ የዳለቲ እምነበረድ ብዙ የአዲስ አበባ ሕንፃ ወለል ላይ ተነጥፏል። እምነበረድ በዋናው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የኖራ ድንጋይም እንዲሁ፤ እምነበረድ የሚባለው ራሱ በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ፦

ካልካኦ₃ → ካልኦ + ካኦ₂

100 ግራም ድንጋይ 56 ግራም ኖራ ይሰጣል፤ 44 ግራሙ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። በኖራው ላይ ውሃ ቢያፈሱበት እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል፤ 56 ግራሙ ኖራ 18 ግራም ውሃ ውጦ 74 ግራም ይሆናል። ግድግዳ የተቀባበት ኖራ ከጊዜ በኋላ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ወስዶ ወደ ድንጋይነቱ ስለሚመለስ ነው። ዙሪያውን ዞሮ መነሻው ላይ የሚደርስ ለውጥ ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ሚዛኑም በየደረጃው ይመሰክራል።

የሲሚንቶ ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር በ1450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥለው ይፈጫሉ። ሰው «ሲሚንቶው ደረቀ» ይላል፤ የጠነከረው ውሃው ተኖ ስለሄደ ይመስለዋል። ግንበኛው ግን በሥራው የሚያውቀው ሌላ ነው። ኮንክሪቱን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል፣ በጆንያ ይሸፍነዋል። መድረቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጅልነት ነበር። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃውን በኬሚካዊ ለውጥ ከራሱ ጋር አዋህዶ አዳዲስ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስለሚሠራ ነው፤ ቶሎ ውሃ ካጣ ለውጡ ሳያልቅ ይቆማል፣ ኮንክሪቱም ይሰነጠቃል። ውሃ ስር ሳይቀር የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

በዚሁ ክልል ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ10 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ኮንክሪት ፈሶበታል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ይወጣል። በቤት ወለል ላይ ይህ ሙቀት አይታወቅም፤ በትልቅ ግድብ መሐል ግን መውጫ አጥቶ ይከማቻል፣ ውጪው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጋለ ማለት ደግሞ ስንጥቅ ማለት ነው። እንዲህ ባሉ ግድቦች ሲሚንቶው የሚመጠነውና ኮንክሪቱ በሮለር እየተጠቀጠቀ በስስ ንብብር የሚነጠፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። «ሙቀት ሰጪ ለውጥ» የሚለውን ሐረግ ለመንጌ ተማሪ የሚያስረዳ መምህር ከክልሉ መውጣት አያስፈልገውም።

ሳያውቁት የሚጎዳው

ይህን ትምህርት ከፈተና ውጤት በላይ የሚያስጨንቀኝ ያደረገው የጤና ነገር ነው። ባዜቃ ከወርቅ ጋር ሲገናኝ አቅፎ ይይዘዋል፤ ድብልቁ በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ባዜቃ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ነው፤ ወርቅ የሚቀልጠው በ1064። ሥራው ቀላል ነው። የሚታየው ወርቅ ነው፤ የማይታየው እንፋሎት ግን ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ደምና ወደ አንጎል ይሄዳል። ላቯዝዬ የጎደለውን ፈልጎ አየሩ ውስጥ እንዳገኘው ሁሉ ወርቅ አምራቹም «ባዜቃው የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ወንዝ ውስጥ የገባው ደግሞ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለወጣል፤ ይህ ውህድ በዓሣ ሥጋ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ስሙን ያገኘው እንዲህ ያለ መርዝ ያለበት ዓሣ በልተው ብዙዎች ከተጎዱበት የጃፓን ከተማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግምገማ እንደሚለው ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ባዜቃ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከባህላዊና አነስተኛ የወርቅ ምርት ነው። በገበቴና በውሃ ብቻ የምትሠራ እናት እየሠራችው ያለው ሥራ ንጹሕ ነው። ባዜቃ «ዘመናዊ» ሆኖ ሲቀርብላት እምቢ ማለት የምትችልበትን እውቀት ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞላት መግባት አለበት።

ወርቅ ለመለወጥ እምቢ ይላል አልኩ እንጂ የሚለወጥበት በር አለው። ሳያናይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ሆኖ ይሟሟል፤ እ.ኤ.አ. ከ1887 ወዲህ ትልልቅ የወርቅ ፋብሪካዎች የቆሙት በዚህ ለውጥ ላይ ነው። ሳያናይድ ገዳይ ስለሆነ ቁጥጥር ባለበት ፋብሪካ እንጂ በመንደር የሚነካ ነገር አይደለም።

ቤት ውስጥም ሁለት አደጋ አለ። በክረምት ብርድ ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች በጠዋት ሞተው የተገኙበትን ዜና የማናውቅ የለንም። አየር ሲያጥር አንድ ካርቦን ሁለት ኦክሲጅን ማግኘቱ ይቀርና በአንድ ብቻ ይረካል፦

2ካ + ኦ₂ → 2ካኦ

ከኦ ግርጌ የነበረችው 2 ጠፋች፤ የተገኘው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። ስለ አንዲት የግርጌ ቁጥር የሚነገር ከዚህ የበረታ ትምህርት የለም። ሁለተኛው በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ነው፤ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ትምህርት ቤቱ

አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ ይማራሉ፤ ኬሚስትሪ ራሱን ችሎ የሚመጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ቢዘገይ በዚያው ክፍል የመማሪያው ቋንቋም እንግሊዝኛ ይሆናል። በቤቱ በርታ የሚናገር ልጅ ገበያና ቢሮ ውስጥ አማርኛ ተምሮ፣ በአማርኛ ማሰብ በጀመረበት ሰዓት ኬሚስትሪን በሦስተኛ ቋንቋ ይገናኛል። በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ «አጸግብሮት» የሚል ቃል አለ፤ ተማሪው ግን «ሪአክሽን» ነው የሚለው። በየትኛውም ቢጠራው ከቃሉ ጀርባ ከሰሉና ኖራው ከሌሉ ቃል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ይህን ችግር በግልጽ አሳይቶናል። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ሙከራውም ይታይ ነበር። እንግሊዝኛው ግን ይፈጥናል፤ ተማሪውም መምህሩም «እስቲ ቆይ፣ ድገምልን» ማለት አይችሉም ነበር።

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሌክስ ጆንስቶን እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ሐሳብ የመሰናክሉን ቦታ በደንብ ያሳያል። ኬሚስት አንድን ነገር በሦስት ደረጃ ያየዋል አለ፦ በዓይን የሚታየውን (የሚነደው ከሰል)፣ የማይታየውን (አቶሞቹን)፣ ምልክቱን (እኩልታውን)። አዋቂው በሦስቱ መካከል ሳያስበው ይመላለሳል። ጀማሪው ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲጫኑበት ይሰምጣል። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1985 ያሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እኩልታ በትክክል ያመጣጠኑ ተማሪዎችን ያው እኩልታ የሚለውን በክብ በክብ ሥዕል እንዲያሳዩ ጠይቆ ብዙዎቹ እንዳልቻሉ አግኝቷል። ለውሃው እኩልታ ሁለት ሞለኪውል በመሳል ፈንታ ስድስት አቶም በአንድ መስመር የሰደረ ተማሪ ማመጣጠንን እንደ ሒሳብ ጨዋታ ነው የተማረው።

በኋላ ካናዳዊው ፒተር ማሃፊ የጆንስቶን ሦስት ማዕዘን አራተኛ ጫፍ ይጨመርበት፣ እርሱም የሰው ሕይወት ነው አለ። በዘርፉ ከአገራችን ስማቸው የሚነሳው ዶክተር ተመችኝ እንግዳም በኬሚስትሪ ትምህርት ላይ ሲጽፉ ይህን የአራት ጫፍ አካሄድ ከተማሪው አካባቢና ከመምህሩ እገዛ ጋር ለማያያዝ ደክመዋል። እኔ ወደዚህ ወገን አደላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «የአካባቢ ምሳሌ» ሲባል ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ዳር የተለጠፈች ሥዕል ትሆናለች፤ ትምህርቱ ያው በምልክቱ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ካልተገለበጠ ሥዕሏ ምንም አትሠራም።

ላቦራቶሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ለመጀመሪያው ትምህርት ግን የወርቅ ሚዛን፣ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሉ። የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጠርሙሱ ውስጥ ይጨመር። 2 ግራም ሶዳ በሚዛኑ ተመዝኖ በቁራጭ ሶፍት ይጠቅለልና ይግባ፤ ክዳኑ ቶሎ ይጠበቅ። ጠርሙሱ ከነክዳኑ ይመዘን፣ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከሁለት ግራም በላይ ሶዳ አይጨመር፤ ጠርሙሱም የብርጭቆ አይሁን። ይወዝወዝ። ይፈላል፣ አረፋ ይሞላል፣ ጠርሙሱ ሲነካ ጠንክሯል፤ በውስጡ 1 ግራም የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተፈጥሯል። እንደገና ይመዘን። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ከዚያ አንዱ ተማሪ ክዳኑን ቀስ ብሎ ይፍታው። ፍሽሽ ይላል። ጠርሙሱ ከነክዳኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ይውጣ፤ ቁጥሩ ወርዷል። ተማሪዎቹ የጎደለው የት እንደሄደ በየቋንቋቸው ከተከራከሩ በኋላ ጠመኔው ይሰጣቸው፦

ሶዳ + የሎሚ አሲድ → ጨው + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ